«ነጻ ነዎት» ያሉን ዕለት

ስልኩ የጮኸው ባለቤቴ እጁን ታጥቦ ለምሳ ሊቀመጥ ሲል ነው። በዚያ ሰሞን ስልኩ ዕረፍት ስላልነበረው ልብ አላልኩትም። እሱ የክልሉ የአንድ ቢሮ ምክትል ኃላፊ ነበር። እኔ እዚሁ አሶሳ መምህር ነኝ፤ በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ቤት ነበር የምውለው። «እሺ... መቼ ታወቀ?... እሺ» እያለ በረንዳው ላይ ወዲህና ወዲያ ሲል ሰማሁት። ሲመለስ አልተቀመጠም። በሩ ላይ እንደቆመ ዓይኑን ወደ ጓዳ ሰደደ።

«እናቴ የት ናት?»

«እየሰገዱ ነው።»

«ስትጨርስ ወደ እኔ እንዳትመጣ። አንቺም አትጠጊኝ።»

ከዚያ ነገረኝ። ከአዲስ አበባ መጥቶ የነበረው እንግዳ፣ ከክልሉ አመራሮች ጋር በትልቁ አዳራሽ ሲሰበሰብ የሰነበተው ሰው፣ እንደተመለሰ ተመርምሮ ቫይረሱ ተገኝቶበታል። ስብሰባው ላይ የነበረ አመራር ሁሉ ከቤቱ እንዳይወጣ፣ ከነገ ጀምሮም ናሙና እንዲሰጥ ታዟል። ባለቤቴ ግን ከስብሰባውም አልፎ እንግዳውን ይዞ ለሥራ ጉብኝት ቶንጎ ወረዳ ድረስ ደርሶ መጥቷል።

«መኪና ውስጥ ሦስት ነበርን» አለኝ። «እሱ፣ እኔና ሾፌሩ። መንገዱን ሙሉ ዝናብ ነበር፤ መስኮት አልከፈትንም። ሰውየው ሲያስል እንዲያውም ከኪሴ ከረሜላ አውጥቼ ሰጠሁት።»

ወጡ እዚያው ምድጃው ላይ ቀረ። ባለቤቴ ፍራሽና ብርድ ልብስ ይዞ እንግዳ የምናሳድርበት ክፍል ገባና ከውስጥ ቆለፈ። ሁለቱ ልጆቻችን ወላጆቼ ዘንድ፣ ሰፈራ መንደር ነበሩ፤ እንኳን እዚህ አልሆኑ ብዬ ብቻዬን አመሰገንኩ። አስቸጋሪው ነገር አማቴ ነበሩ።

አማቴ የበርታ ሴት ነበሩ። ባላቸው በወጣትነታቸው ሞቶባቸው፣ ከከተማው ብዙ በማይርቅ ቀበሌ ማሽላ እየዘሩ፣ ማንጎ እየሸጡ ይኼንን አንድ ልጃቸውን አስተማሩ። ለዓይናቸው ሕክምና ብለው መጥተው እኛ ዘንድ ከርመዋል። እኔ የወሎ ሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ ወላጆቼ በድርቁ ዘመን መጡ፣ እኔ እዚህ ተወለድኩ። አማርኛ ለአማቴ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ወንድና ሴት አይለይላቸውም ነበር። እኔን «አንተ»፣ ልጃቸውን አንዳንዴ «እሷ» ይሉታል። ያገባሁ ሰሞን ግራ ይገባኝ ነበር። ኋላ ለምጄው «አንተ ልጄ» ካላሉኝ የተቆጡኝ ይመስለኝ ጀመር።

ሶላታቸውን ጨርሰው ሲወጡ የተዘጋውን በር አዩ።

«አንተ ልጄ፣ እሱ ለምን በር ዘጋ? ተጣላ?»

«አልተጣላንም እማማ። በሽታው... ያ በሬዲዮ የሚሉት በሽታ ምናልባት ነክቶት ከሆነ ለእርስዎ እንዳያጋባ ነው።»

ሰሙኝ። ከዚያ ሰሌናቸውን ጎትተው በሩ ሥር አነጠፉና ተቀመጡ። ወደ ክፍላቸው ባስገባቸው ተመልሰው ይወጣሉ። በዚያ በር ሥር፣ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ በራሳቸው ቋንቋ ያናግሩት ጀመር። እኔ ግማሹን ብቻ እሰማለሁ። ስለ ጎረቤት ፍየል፣ ስለ ዘመድ ሠርግ፣ ስለ ዝናቡ። እሱም ከውስጥ ይመልስላቸዋል።

በማግሥቱ ጠዋት የጤና ቡድኑ መጣ። መኪናቸው የቀርከሃ አጥራችን ጋ ሲቆም ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ከራስ እስከ እግር ነጭ የለበሱ ሁለት ሰዎች ሲወርዱ አንዳንዱ እናት ልጇን እየጎተተች ወደ ቤቷ ሮጠች። ባለቤቴን በረንዳ ላይ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ከመካከላቸው አንዷ፣ ድምጿ ገና የልጅ ድምፅ የሆነ የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ረጅም ቀጭን ጥጥ በአፍንጫው አስገባች። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ እጁ የወንበሩን ክንድ ጨመደደ። በድምፅ ማጉያ ለሕዝብ «እጃችሁን ታጠቡ፣ ርቀታችሁን ጠብቁ» እያለ የከረመው ይኸው ሰው ነው።

አማቴ በመስኮት አይተው ጮኹ። «ወላሂ፣ ልጄ ምን አደረገ? ለምን እሱን ይወጋል?»

«ጨርሰናል እማማ፣ ጨርሰናል!» አለች ልጅቷ ወደ መስኮቱ ዞራ።

ይኼ ሁሉ ሲሆን ሾፌሩ ከአጥሩ ውጪ ቆሟል። የመኪናውን ቁልፍ ሊያስረክብ ነው የመጣው። መተከል ዞን ውስጥ የወንበራ ደብረ ዘይት ሰው ነው፤ ሺናሻ ነው፤ ሚስቱና ልጆቹ እዚያ ነበሩ፤ እዚያ በነበረው ግጭት መንገዱ ስለተዘጋ አያያቸውም፣ አያዩትም። ከባለቤቴ ጋር ብዙ የሠራ፣ ጾሙ ሲሆን እኔ ሽሮ ለብቻ የምሠራለት ሰው ነው። ጭንብሉን ዝቅ አድርጎ ወደ ክንዱ ሲያስል አየሁት። ደረቅ ሳል ነበር።

ሮጬ ልጅቷ ጋ ሄድኩ። «ከእሱም ናሙና ውሰዱ። ቶንጎ አብሯቸው የሄደው እሱ ነው። እያሳለ ነው፣ እዪው።»

በፕላስቲኩ መነጽር ውስጥ ዓይኗ ወደ እሱ ሄዶ ተመለሰ። «እህቴ፣ ዛሬ የተሰጠን መመርመሪያ ለአመራሮቹ ብቻ የሚበቃ ነው። ገና የምንደርስበት ቤት ብዙ አለን።»

«አንድ ሰው እኮ ነው የምለምንሽ!»

«ለአንዱ ብሰጥ ከመጨረሻው ኃላፊ ቤት ስደርስ ባዶ እጄን ነኝ። ያኔ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

ባለቤቴ አፍንጫውን እንደያዘ ከበረንዳው ጮኸ። «እኔ እደውላለሁ፤ ይመረምሩታል።» ደወለም። የደወለለት ሰው በሁለተኛው ዙር እንደሚገባ ቃል ገባለት። ሾፌሩ ከአጥሩ ውጪ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። ቁልፉን አጥሩ ላይ አንጠለጠለና «ምንም አይደል እህቴ፣ ጉንፋን ነው» ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። በዚያ ጊዜ ናሙናው በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሄዶ ነበር የሚመረመረው። ክረምቱ ደግሞ በርትቶ ነበር፤ ደመናው ዝቅ ሲል አውሮፕላኑ አይመጣም። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ወጥቼ ሰማይ አያለሁ። ድምፁን ስሰማ ሮጬ ለባለቤቴ በበሩ ውስጥ እነግረዋለሁ፤ ሳልሰማ ስውል ደግሞ እጄ ሥራ አይዝም።

የባለቤቴ ስልክ ግን አልተዘጋም። አመራሮቹ በየቤታቸው ሆነው እርስ በርስ ይደዋወላሉ። ስልኩን በድምፅ ማጉያ ስለሚያወራ በበሩ ስንጥቅ የማይሰማኝ የለም። አንዱ ጉሮሮዬን ከረከረኝ ይላል። አንዱ ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ባምባሲ ዘመድ ቤት እንደሄደችና ብቻውን ጎመን እየቀቀለ እንደሚበላ ያወራል። በስብሰባ ላይ ጠረጴዛ የሚደበድብ ሰው፣ «ወንድሜ፣ እንደምንሞት ታስባለህ?» ብሎ ሲያለቅስ ሰምቻለሁ። ባለቤቴ ያንን ሰው እያባበለ ቆየና ስልኩን ሲዘጋ ራሱ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። አማቴ በሩ ሥር ሆነው ሰሙ። በመዳፋቸው በሩን መታ መታ አደረጉ።

«አታልቅስ። እናት እዚህ ነው። አልሄደም።»

ሥራውም ቆሟል። ከካማሺ ዞን በኩል ሸሽተው የመጡ ተፈናቃዮች አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ተጠልለው፣ እህሉ መጋዘን ተቀምጦ፣ አከፋፍሉ ብሎ የሚያዝዝ ሰው ጠፍቷል፤ የሚያዝዙት ሁሉ እንደ እሱ ተቆልፈዋል። ከዚያ ሰዎች ይደውሉለታል። «እኔ ብወጣ በሽታ ይዤላቸው እሄዳለሁ፤ ባልወጣ ይራባሉ» ይለኝ ነበር በበሩ ውስጥ። ምግቡን ደጃፉ ላይ አስቀምጬለት ሳይነካው ይመለሳል።

እኔ በመሀል ሾፌሩ ተከራይቶ የሚኖርበት ክፍል በባጃጅ ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል። ጤና ጣቢያ ሄዶ የወባ መድኃኒት ሰጥተውታል። እዚህ አገር ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው።

«መርምረውሃል? መጡ?»

«ማንም አልመጣም። ለጋሼ አትንገሪው፣ ይጨነቃል። እሱ ውጤቱ ይምጣለት እንጂ።»

ያመጣሁትን ሾርባ ደፍ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። ሄጄም ለባለቤቴ ነገርኩት። እንደገና ደወለ። ሁለተኛው ዙር ገና ነው አሉት። ሌላ ጋ ደወለ፤ ያ ሰው ራሱ ውጤቱን በፍርሃት እየጠበቀ ስለነበር የሾፌር ነገር አልገባውም።

ውጤቱ አንድ ከሰዓት በኋላ መጣ። ባለቤቴ በስልኩ «ነጻ?... እርግጠኛ ነህ?» ሲል ሰማሁ፤ ከዚያ የቁልፉ ድምፅ መጣ፤ በሩ ተከፈተ።

«ነጻ ነዎት አሉኝ» አለ። ጢሙ አድጎ፣ ከስቶ፣ እየሳቀ።

አማቴ ከሰሌናቸው ላይ እንዴት እንደተነሱ አላውቅም። የሚያማቸውን ጉልበት ረስተው ዘለሉበት። አንገቱን አቅፈው፣ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ እጁን ሳሙት። «አልሐምዱሊላህ! ልጄ ነጻ ነው! ልጄ ነጻ ነው!» እልልታቸውን ጎረቤት ሰምቶ መጣ። ማታ በዜና የክልሉ አመራሮች ተመርምረው ሁሉም ነጻ መሆናቸው ተነገረ። አማቴ በገዛ እጃቸው የማሽላ ገንፎ አገነፉ፤ የባሚያ ወጥ ሠሩ፤ ከልጃቸው ጎን ተቀምጠው ከአንድ ሳህን እያጎረሱት በሉ። እኔም በላሁ። ከዚያ በፊት እንደዚያ የጣፈጠኝ እራት አላስታውስም።

ግን አንድ ነገር አልዋጥልኝ ብሎ ነበር። ሳህኑን ሳነሳ ጠየቅሁት።

«ሾፌርህ ታሞ ተኝቷል። አንድ መኪና ውስጥ ነበራችሁ። እሱ ላይ ካለ አንተን እንዴት ሳይነካህ ቀረ?»

«ወባ ነው አላልሽኝም?»

«ወባ ነው ብለው ነው የሰጡት። አልመረመሩትም እኮ።»

«እኔን ግን መርምረውኛል» አለ። ድምፁ ውስጥ ልመና ነበር። «አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ነው የተመረመረው። እንመን እንጂ። ነገ ለተፈናቃዮቹ እህል መውጣት አለበት።»

አመንኩ። ማመን ስለፈለግሁ ቀላል ነበር። ናሙናው የተወሰደው ቫይረሱ ገና በሰውነቱ ውስጥ ሳይበዛ ከሆነ ላይታይ እንደሚችል ያኔ ከመካከላችን የነገረን አልነበረም። በማግሥቱ በሌላ ሾፌር ወደ ተፈናቃዮቹ ሄደ፣ እህሉ ወጣ። ሲመለስ እናቱ ውሃ ይዘው ደጃፍ ጠበቁት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ታማሚው ሾፌር መተንፈስ ሲያቅተው አከራዩ ባጃጅ ጠርቶ ሆስፒታል አደረሰው። ያኔ ነው የተመረመረው። ቫይረሱ ተገኘበት። የዚያኑ ቀን ጠዋት ባለቤቴ የከርከዴ ሻዩን ቀምሶ «ስኳር ረሳሽ» ብሎኝ ነበር። አልረሳሁም። ከሰዓት በኋላ ማሳል ጀመረ።  አማቴ ጓዳ ሆነው ያዜማሉ።

ነጭ ለባሾቹ እንደገና መጡ። አሁን ሁላችንንም መረመሩ። የአመራር ቤተሰብ ስለሆንን የእኛ ተቻኩሎ ተላከ፤ ለሾፌሩ የለመንኩት ለእኔ ሳልለምን መጣ። ውጤቱ ሲነገር ቫይረሱ ሦስታችንም ላይ ነበር። እኔ ሽታ ከማጣት በቀር ሕመም አልነበረኝም። አማቴ ግን ከዋዜማው ጀምሮ ትኩሳት ይዟቸው ነበር። ከእሳቸው ጋር አንድ ክፍል እንደምገባ ሲነግሩኝ አላህ ይስጣችሁ አልኩ፤ ብቻቸውን ቢወስዷቸው ኖሮ ቋንቋቸውን ማን ይሰማላቸው ነበር?

ባለቤቴን ግን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት። ለአመራሮች ተብሎ የተለየ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ነበር፤ ንጹሕ አልጋ፣ የራሱ መታጠቢያ ያለው። እኛ ተማሪ የሌለበት ማደሪያ ሕንፃ ውስጥ በተዘጋጀው ማከሚያ ገባን። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በባጃጅ አጭር ነው።

በግቢያችን በር ላይ በሁለት መኪና ሲለያዩን አማቴ የልጃቸውን እጅጌ ይዘው አልለቅ አሉ።

«እኔ እሱ ጋር ይሄዳል።»

«እናቴ፣ እኔ እመጣለሁ» አላቸው በአማርኛ፤ ሰዎቹ እንዲሰሙት ይመስለኛል። «እዚያ አልቆይም፣ እናንተ ጋ አምጡኝ እላቸዋለሁ።»

በማከሚያው ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በሌላ ወገን ነበሩ። ሾፌሩንም ከሆስፒታል አምጥተውት፣ ከወንዶቹ በኩል ኦክስጅን ተደርጎለት ተኝቶ አገኘሁት። ትንሽ ሲሻለው በመተላለፊያው በኩል እየመጣ ከበሩ ላይ ቆሞ «እማማ እንዴት አደሩ?» ይላቸው ነበር። አማቴ ጣታቸውን ከፍ ያደርጉለታል። እኔ ፊቱን ማየት ከበደኝ። እሱ ግን ስለ ምርመራው አንድ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም።

አማቴ በየቀኑ ደከሙ። ጭንብሉን ከአፋቸው እየገፉ «ሞቀ፣ ሞቀ» ይላሉ። መልሼ አደርግላቸዋለሁ። ትንፋሻቸው ከሩቅ እየሮጡ የመጡ ሰው ትንፋሽ ይመስላል። ሐኪሙ እንደ እኛው የደከመው፣ ጫማው የረጠበ ጎልማሳ ነበር፤ ሲያዳምጣቸው ቆይቶ ወደ እኔ ሳያይ፣ «ልጃቸው ካለ ያናግራቸው» አለኝ።

ደወልኩለት። ባለቤቴ ወደ እኛ እንዲያመጡት ሙሉውን ቀን ሲለምን ውሏል።

«አይቻልም አሉኝ» አለ። «ለእናንተ የተዘጋጀው ቦታ ይኼ ነው፣ ከዚያኛው ጋር አይቀላቀልም አሉኝ። በሽታው እኮ አንድ ነው! እኔም አለብኝ፣ እሷም አለባት፣ ምን ላስይዛት ነው? ኃላፊነቱን አውልቄ ልምጣ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ውሰዱኝ አልኳቸው። መኪና የሚያዝዘው ሰው ስልኬን አያነሳም።»

«ውጣና ና።»

«በሩ ላይ ፖሊስ አለ። ዘብ አቁሙ ብለን የወሰንነው እኛው ነን።»

ስልኩን አማቴ ጆሮ ላይ አደረግሁላቸው። ምን እንዳላቸው አልሰማሁም። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። ከዚያ በቋንቋቸው አንድ ሁለት ቃል አሉ፣ በላ የሚል መሰለኝ። አዎ፣ በልተሃል ወይ እያሉት ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጄ፣ እሱ ለምን አይመጣም? ነጻ ነው አላለም?»

«ይመጣል እማማ። መንገድ ላይ ነው።»

ሌላ ምን እላለሁ? እጃቸውን ይዤ ቁጭ አልኩ። በማግሥቱ፣ የእኩለ ቀኑ የዙህር አዛን በመስኮቱ ሲገባ፣ ትንፋሻቸው ጥቂት ዘገየ፤ ከዚያም ይበልጥ ዘገየ። ሻሃዳውን፣ የእምነቱን ቃል፣ በጆሯቸው ደጋግሜ አልኩላቸው። በክፍሉ ከነበሩት ሌሎች ሦስት ሕመምተኞች ሁለቱ ከየአልጋቸው ቀና ብለው አብረውኝ አሉ፤ ሦስተኛዋ ክርስቲያን ነበረች፣ እሷ አለቀሰች። ሐኪሙ መጥቶ ሰዓቱን አየ።

ለባለቤቴ ፈቃዱ የመጣው እኔ ስልክ ለመደወል ወኔ አጥቼ በመተላለፊያው ቆሜ ሳለሁ ነው። እሱ ቀድሞ ደወለ። ድምፁ ፈክቷል። «ፈቀዱልኝ! መኪናው እየመጣ ነው። አሥር ደቂቃ። እንዳትተኛ ንገሪያት።»

መልስ አልሰጠሁትም። «ሰማሽኝ?» አለ። እንደገና «ሰማሽኝ ወይ?» አለ።   ስልኩ ሳይዘጋ ብዙ ቆየን።

ቀብሩ ላይ እኔም እሱም አልነበርንም። በሽታው ገና ላያችን ላይ ነበር። እሱን ሴቶቹ ክፍል መስኮት ድረስ አመጡት፤ ከውጪ ቆሞ በመስታወቱ እናቱን አያቸው፤ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አድርጎ እስኪወስዱት ድረስ አልተነሳም። ሾፌሩ በዚያው ቀን ጠዋት ድኗል ተብሎ እንዲወጣ ተፈቅዶለት ነበር። ጨርቁን በፌስታል ይዞ በር ላይ ቆሞ ሳለ ሰማ። ወደ ቤቱ አልሄደም። የአምቡላንሱ ሾፌር የአማቴን መንደር መንገድ አያውቅም፤ «እኔ አውቀዋለሁ፣ ጋሼን ስንት ጊዜ ወስጄዋለሁ» ብሎ ከፊት ተቀመጠ።

ኋላ የነገረኝ እሱ ነው። መንደሩ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ከማንጎው ዛፎች ወዲያ ቆሟል፤ ነጭ የለበሱትን ሲያይ ለመቅረብ የደፈረ የለም። ሼሁ ርቀው ቆመው አሰገዱ። ሬሳውን የሚይዙ ሰዎች አንሰው፣ አንደኛው በጭቃው ሲንሸራተት ሾፌሩ ገብቶ ያዘ።

«እኔ ሃይማኖቴ ሌላ ነው ብዬ ፈራሁ» አለኝ። «ሼሁን በዓይኔ ጠየቅኋቸው። ያዝ፣ ያዝ አሉኝ በእጃቸው። በእግራቸው በኩል ያዝኩ። ቀስ ብለን ነው ያወረድናቸው እህቴ። አልተጣሉም።»

አልተጣሉም የሚለውን ቃል ሲናገር ነው ያለቀስኩት። እስከዚያ ደርቄ ነበር።

ባለቤቴ ሲወጣ ስልኩ የሐዘን መግለጫ ሞልቶ ነበር። ያ ጠረጴዛ የሚደበድበው ሰውዬ ቤታችን መጥቶ በበረንዳው ላይ ራቅ ብሎ ቆሞ አለቀሰ። ባለቤቴ ቡና እንኳ አላቀረበለትም፤ ክፋት አልነበረም፣ አላየውም። በመጀመሪያው ቀን የሄደው ሾፌሩ ቤት ነው። አብሬው ሄጄ ነበር። ሾፌሩ ወንበር ሊያመጣ ሲነሳ ባለቤቴ ትከሻውን ይዞ አስቀመጠውና መሬት ላይ፣ እግሩ ሥር ተቀመጠ።

«አንተን መጀመሪያ መርምረው ቢሆን ኖሮ እኔ ያንን በር አልከፍትም ነበር» አለው። «የአንተ ውጤት ነበር እውነቱን የሚነግረኝ። እናቴ ዛሬ በሕይወት ትኖር ነበር።»

ሾፌሩ ክንዱን ይዞ ሊያነሳው ሞከረ። «ጋሼ፣ ተነስ፣ ልብስህ ይቆሽሻል» ብቻ አለው።

ከቀናት በኋላ መንደሩ ሄድን። የባለቤቴ አጎት፣ የአማቴ ታላቅ ወንድም፣ መቃብሩ ጋ ጠበቁን። ሰው ይወቅሰናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሽማግሌው የባለቤቴን እጅ ያዙ።

«ሐኪም ነጻ ነው አለ። አንተ እናት ጋር በላ። ምን አጠፋ? ምንም አላጠፋም» አሉት።

ያ ቃል ያጽናናዋል ብዬ ነበር። አላጽናናውም። አፈሩ ላይ ተንበረከከ፤ ዝናቡ ጀመረ፣ አልተነሳም። እናቱን በቋንቋቸው እያናገራቸው ነበር። ዘመዶቹ አንድ በአንድ ወደ ጎጆዎቹ ሮጡ። እኔ ነጠላዬን በራሱ ላይ ዘርግቼ ቆምኩ።

ኃላፊነቱን ለመልቀቅ ያኔውኑ ጠየቀ፤ ጊዜው አይደለም አሉት። በኋላ ሹም ሽር ሲመጣ ከኃላፊነቱ ተነሳና አንድ ኮሌጅ ማስተማር ጀመረ። ሾፌሩ መንገዱ ሲከፈት ወደ ወንበራ ተመልሶ ከቤተሰቡ ጋር ነው፤ በበዓል በበዓል ይደውላል። ባለቤቴ ስልኩን ይዞ ከቤት ይወጣል፤ ምን እንደሚነጋገሩ ጠይቄው አላውቅም።